ሰማንያ ግራም ሥጋ በሁዳዴ

ልኳንዳ ቤት ገብቶ «ሰማንያ ግራም» የሚል ደንበኛ የለም። የእኛ አገር ሥጋ የሚቆረጠው በኪሎ ነው፤ ሲቸግር በግማሽ፣ በጣም ሲቸግር በሩብ። ከሩብ በታች ያለው ግዛት የድመት ነው፤ እሱም በሚዛን ሳይሆን በውርወራ ይታደላል። ቆራጩ ጅማቱን ወደ በሩ ይወረውራል፣ ድመቷ አየር ላይ ትቀልባለች፣ ሒሳቡ ተዘጋ። ይህን የቆየ ሥርዓት ሱሉልታ ላይ ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ለዚያውም ሁዳዴ ሊገባ ሲል።

ነገሩ የጀመረው ግን ቡራዩ ነው። እኔ የምኖረው ሱሉልታ፣ ወንድሜ የሚኖረው ቡራዩ፣ እንጀራዬ ያለው ሰበታ ነው። ካርታ ላይ ሦስቱም ተያይዘው አዲስ አበባን ከሰሜን እስከ ደቡብ ምዕራብ የከበቡ ይመስላሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ታክሲዎቹ ይህን ገና አልሰሙም። ከሱሉልታ ቡራዩ ለመሄድ እንጦጦን ተሻግሮ አዲስ አበባ መግባትና በአስኮ በኩል መውጣት ነው። ከቡራዩ ሰበታ ደግሞ ወጨጫ ተራራ መሃል ላይ ተገትሯልና እንደገና ከተማ ገብቶ፣ በአየር ጤናና በዓለም ገና አድርጎ መውረድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ «ሄድኩ» ስል የግማሽ ቀን ጉዳይ መሆኑን ያዙልኝ።

ወንድሜ የተከራየበት ግቢ ባለቤት ዶሮ ያረባሉ። እትዬ ብለን እንጥራቸው። ዶሮዎቹ ሌሊት ሌሊት እየጎደሉ መጡ። መጀመሪያ የጎረቤት ድመት ታማች፣ ቀጥሎ ዘበኛው ታሙ፤ በመጨረሻ ጥፋተኛዋ ኮርኒስ ውስጥ ተገኘች። ሸለምጥማጥ ናት። ቀጭን፣ ነጠብጣብ፣ ጅራቷ ቀለበት ቀለበት ያለው፣ ቀን ተኝታ ሌሊት የምትሠራ። ዘበኛው ስማቸውን የሚያጠሩበት አጋጣሚ ነበርና በዱላ ገላገሏት። በማግስቱ ኮርኒሱ ማልቀስ ጀመረ። ሁለት ልጆች ነበሯት።

እትዬ ፈረዱ፦ «በእኔ ዶሮ ያደጉ ናቸው። የሚፈልጋቸው ካለ የእናታቸውን ዕዳ ከፍሎ ይውሰድ።»

ወንድሜ ስልክ ደወለልኝ። ወንድሜ ከልጅነታችን ጀምሮ የማይፈልገውን ነገር ሁሉ «አንተ ትወደዋለህ» እያለ የሚያስረክበኝ ሰው ነው። የአጎታችንን አሮጌ ሬዲዮ፣ የታመመ በግ፣ አንድ ጊዜም የራሱን ዋስትና አስረክቦኛል። አሁን ደግሞ የዘይት ካርቶን፣ ከውስጡ ከሚጮህ ነገር ጋር።

ሸለምጥማጥ በቀን ስንት ይበላል? የሚያውቁት ዶሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ መልሳቸው በዶሮ እንጂ በግራም አይደለም። ዴንቨር የምትኖር ያክስቴ ልጅ ትዝ አለችኝ። እሷ ፌሬት ታሳድጋለች። ፌሬት ወገቡ ረጅም፣ እግሩ አጭር የሆነ ትንሽ ሥጋ በል ነው፤ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጥንት ሥራው ጉድጓድ ገብቶ ጥንቸል ማስወጣት ነበር፤ የዛሬ ሥራው ሶፋ ሥር መተኛት ነው። ካሊፎርኒያና ሃዋይ በሕግ ከልክለውታል፤ ኮሎራዶ ትፈቅዳለች። ያክስቴ ልጅ ፌሬቶቿን ሹራብ አልብሳ ፎቶ የላከች ዕለት አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው አይተው፣ «ይቺ አይጥ ምን ሆና ነው ሹራብ የለበሰችው?» ብለው ጸበል ልከውላታል።

«ከመመገብህ በፊት መዝን» አለችኝ ያክስቴ ልጅ። «ያደገ ፌሬት በቀን የክብደቱን ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር እጅ ጥሬ ሥጋ ይበላል። በማደግ ላይ ያለው እጥፉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ባንድ ጊዜ አትዘርግፍላቸው፤ አንጀታቸው አጭር ነው፣ የበሉት በሦስት አራት ሰዓት ውስጥ ያልፋል፣ ባዶ ሆድ መዋል አይችሉም።» ቀጥላ ሥጋውን ራሱን ከፋፈለችው። ከመቶ ሰማንያው ቀይ ሥጋና ልብ፣ አምስቱ ጉበት፣ አምስቱ ኩላሊትና መሰል የሆድ ዕቃ። የቀረውን አሥር ልትነግረኝ ስትል ኔትወርኩ ሄደ። ደጋግሜ ብሞክርም አልገባ አለ፤ በኋላም ዴንቨር ሲነጋ እኛ ጋ እየመሸ ሳንገናኝ ቀረን።

ሸለምጥማጥ በዘር የፌሬት ዘመድ አይደለችም፤ ዝምድናዋ ከጥሪኝ ጋር ነው። ግን ቁመናውም ጥርሱም ይቀራረባል፣ እኔ ጋ ያለውም ሕግ ይኸው ነበር። ቤታችን አጠገብ ያለው ሚዛን የወፍጮ ቤቱ ነው። በኩንታል የለመደ ስለሆነ ሁለቱን ከነካርቶናቸው ስጭንበት ቀስቱ አልነቃም። ባለ ወፍጮው ጠጋ ብሎ «ይሄ ምን እህል ነው?» አለኝ። ከዚያ የልደት ኬክ እየጋገረች የምትሸጥ ጎረቤታችን ዘንድ ሄድኩ። ሚዛኗ ቁጥር የሚያበራ ነው፤ ግራም ያውቃል። ክዳን ያለው ድስት ውስጥ ከተናቸው መዘንን፤ የድስቱን ቀነስን። አንዱ ክዳኑን ገፍትሮ ወጥቶ ዱቄት ላይ ተንከባለለ፣ ነጭ ሆኖ መጋረጃው ላይ ወጣ፣ የማንን ልደት እንዳበላሸን እስካሁን አልነገረችኝም። ብቻ ሁለቱ አንድ ላይ ስምንት መቶ ግራም ገደማ ወጡ። ከመቶ ሃያ እጁ መቶ ስልሳ ግራም ነው፤ ለጠዋት ሰማንያ፣ ለማታ ሰማንያ፣ እሱም ተከታትፎ በየሰዓቱ። ፍሪጅ አለን። መብራት ግን ሲፈልግ የሚመጣ እንግዳ ነውና ሥጋው በየፈረቃው ትኩስ መገዛት ነበረበት።

እንዲህ ነው ልኳንዳው ፊት የቆምኩት።

«ሰማንያ ግራም» አልኩ።

ቆራጩ ቢላዋውን አስቀመጠ። «ለምንድን ነው ወንድሜ?»

«ለእንስሳ ነው።»

«ለድመት?»

«ለሸለምጥማጥ።»

ጥግ ላይ ጥሬ ሥጋቸውን በአዋዜ የሚያጣጥሙ ሰዎች ማላመጥ አቆሙ። አንዱ ሽማግሌ «ዶሮ አልቆባት ነው?» አሉ። ቆራጩ ግን ወደ ጆሮዬ ተጠጋ፤ «ኑሮ የከበደው አንተን ብቻ አይደለም፤ ለራስህ ከሆነ ንገረኝ፣ እዚህ ማንም ማንንም አያይም።» ለራሴ አለመሆኑን በማልኩ ቁጥር ይበልጥ አዘነልኝ። በመጨረሻ ሰማንያ መዝኖ ምርቃት ጨመረበት፤ ምርቃቱ መቶ ሃያ አደረሰው። መቶ ሃያው ልክ እንዳልሆነ፣ ከክብደታቸው በመቶኛ እንደሚሰላ ላስረዳው ስሞክር ሌላ ምርቃት ጨመረ። ደግሞ ከሽንጡ ነው፤ ቀይ፣ ስብ የሌለበት፣ አጥንት ያልነካው። «አራት ግራም ጉበትም ጨምርልኝ» ስለው «ለመድኃኒት ነው በለኛ!» ብሎ ነገሩ የገባው መሰለ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ የታመምኩ ሰው ሆኜ ቀረሁ። አንዳንዱማ «ኮሶ ነው?» እያለ ጠየቀኝ፤ ጥሬ ሥጋ በሚበላ አገር ይህ ስድብ ሳይሆን ሰላምታ ነው።

ግልገሎቹ ግን በሉ። እንዴት እንደሚበሉ! ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ጎን ሰበር አድርገው፣ በመንጋጋ ጥርሳቸው እየቆረጡ። ማታ ማታ መጋረጃው የእነሱ ሆነ፤ አልጋው ሥር የነበረ ጫማም እንዲሁ። ባለቤቴ «ወይ እነሱ ወይ እኔ» አላለችም፤ «የእኔን ሰማንያ ግራም መቼ ነው የምትመዝነው?» ነው ያለችው።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ልኳንዳው በሩን ዘጋ፤ ቆራጩ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ግድግዳውን ቀለም ያስቀባ ነበር። ሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ነው። ረቡዕና ዓርቡ፣ ነቢያቱ፣ ሐዋርያቱ፣ ፍልሰታው ሲደመር ምእመኑ በዓመት ወደ መቶ ሰማንያ ቀን፣ ካህናቱ ወደ ሁለት መቶ ሃምሳ ቀን ይጾማሉ። ያክስቴ ልጅ ከመቶ ይህን ያህል እጅ ስትለኝ የዓመቱን ግማሽ አላሰበችውም።

ችግሩ የእኔ ብቻ አይደለም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ። ትግራይ ውስጥ የጅብ ኩስ ከሁዳዴ በፊት፣ በሁዳዴና ከፋሲካ በኋላ እየሰበሰቡ፣ ውስጡ ያለውን ፀጉር እየለዩ ጅቡ ምን እንደበላ አወቁ። በጾሙ የልኳንዳና የቤት ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቦቹ ፊታቸውን ወደ አህያ አዞሩ፤ የአህያው ድርሻ ከጾሙ በፊት ከነበረው ከእጥፍ በላይ ሆነ፣ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ቀነሰ። ጅብ ባሕረ ሐሳብ ሳይማር የጾሙን መግቢያና መውጫ ያውቃል ማለት ነው። የእኔዎቹ አህያ አይችሉም።

አዲስ አበባ ውስጥ በሁዳዴም የሚያርዱ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች አሉ። ከሰበታ ስመለስ እዚያ ጎራ ብዬ ገዛሁና ፌስታሌን ይዤ የሱሉልታ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። አጠገቤ ከቅዳሴ የሚመለሱ እናት ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው እንደ በረዶ የነጣ። እንጦጦን ልንጨርስ ስንል ፌስታሉ መቀደዱን ያወቅኩት በእሳቸው ነጠላ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ረዳቱ ቀድሞኝ «ሥጋ ነው እማማ፣ በሁዳዴ!» አለ። ታክሲው በሙሉ ዞረ።

«ለሸለምጥማጥ ነው እማማ፤ ጡት የጣሉ ናቸው፣ ካልበሉ ይሞታሉ።»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ተረጋግተው፣ «በነነዌ ከብቱም እንስሳውም ጾሟል። ያንተዎቹ ከነነዌ ከብት ይበልጣሉ?» አሉ። መልስ የለኝም፤ ዮናስም ቢሆን የሚኖረው አይመስለኝም። ለነጠላው ማጠቢያ ልስጥ ብል እንቢ አሉ። ሲወርዱ ግን «በል አብላቸው፣ ጾሙን አንተ ጹምላቸው» ብለው አሰናበቱኝ። በዚያ መንገድ ላይ ከተሰጠኝ ሁሉ ጥሩው ምክር ይኸ ነበር።

ወሬው ሰፈር ውስጥ ሲሰማ ልጆች ሥራ ፈጠሩ። ጠዋት በር ሲንኳኳ ብከፍት አንድ ብጣሽ ልጅ የወተት ጣሳ ይዞ ቆሟል፤ ጣሳው ውስጥ አይጥ። «ትኩስ ነው ጋሼ።» በእርግጥ ለሸለምጥማጥ ከዚህ የተሻለ ምግብ የለም። አይጥ ሙሉ ማዕድ ነው፤ ሥጋው፣ ጉበቱ፣ አጥንቱ፣ ፀጉሩ በአምላክ እጅ ተመዝኖ የመጣ። ችግሩ የሰፈራችን አይጥ እንዴት እንደሞተ አለመታወቁ ላይ ነው። ገበያ ላይ ካለው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ዓይነት አለ፤ አይጡ በልቶ ወዲያው አይሞትም፣ ለቀናት እየደከመ ይዞራል፣ የደከመውን የያዘው ድመት ወይም ጉጉት መርዙን አብሮ ይውጣል። «መርዝ አልበላም፣ እኔ ነኝ በድንጋይ የመታሁት» ብሎ ማለልኝ ልጁ። ቀጣዩም ማለ። ከነሱ በኋላ የመጣው ግን «ጋሼ፣ ይሄኛው ሲንገዳገድ ነው የያዝኩት፣ ቀላል ነበር» ሲል ገበያውን ዘጋሁት። ለጣሳው ኪሳራ ከፈልኩ።

በዚህ መሃል ትልቁ ግልገል የኋላ እግሩን መጎተት ጀመረ። መጋረጃው ላይ መውጣት ተወ።

ሰበታ የእንስሳት ሐኪሞች አገር ናት፤ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያለው እዚያ ነው፣ የዓሣ ምርምር ማዕከሉም እንዲሁ። የማውቀው አንድ ዶክተር በግሉ ከብት ያክማል። ካርቶኑን ይዤለት ሄድኩ። ከፍቶ አየና ሣቀ፤ ከዚያ የግልገሉን ጭን በሁለት ጣቱ ዳሰሰና ሣቁን ተወ።

«ምን ታበላቸዋለህ?»

በኩራት ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ግራሙ፣ ሰዓቱ፣ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ሁሉ ተጽፏል።

«መጠኑ ጥሩ ነው» አለ። «አጥንቱስ?»

የጠፋችው አሥር ይቺ ነበረች። ከመቶ አሥሩ እጅ አጥንት ነው። ቀይ ሥጋ ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ አሥራ አምስት፣ ሃያ እጥፍ ይበልጣል፤ በሥጋ ብቻ የሚያድግ እንስሳ ካልሲየሙን የሚያሟላው ከራሱ አጥንት እየበደረ ነው። የአንበሳ ደቦልም በንጹሕ ሥጋ ብቻ ካደገ እግሩ ይቆለመማል። ቆራጩ በአዘኔታ ከሽንጡ እያነሳ የሰጠኝ ያ አጥንት ያልነካው ምርቃት ነው ነገሩን ያባባሰው፤ ጅማትና የጎድን ጫፍ ቢወረውርልኝ ይሻል ነበር።

«የዶሮ አንገትና ክንፍ በጥሬው፣ ከነአጥንቱ» አለ ዶክተሩ። «የበሰለ አጥንት እንዳትሰጥ፤ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ዶሮ እስኪገኝ የእንቁላል ቅርፊት አድርቀህ፣ ወቅጠህ፣ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ።» በሁዳዴ እንቁላል የሚገዛ የለም፤ ባለሱቁ ሲያየኝ ደስ አለው።

እኔም ዓሣ ልሞክር ብዬ ነበር፤ ሰበታ ድረስ መጥቼ ዓሣ አለመጠየቅ ነውር ነው። «ምን ዓይነት?» አለ ዶክተሩ። ካርፕ አልኩት። እጁን አወናጨፈ። ጥሬ ካርፕ ውስጥ ቢ1 የሚባለውን ቫይታሚን የሚሰባብር ነገር አለ። በ1930ዎቹ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ቻስቴክ የሚባል ሰው ለፀጉራቸው ቀበሮ ያረባ ነበር። ርካሽ ነው ብሎ ጥሬ ካርፕ አበላቸው፤ ቀበሮዎቹ መንቀሳቀስ እያቃታቸው አለቁ። በሽታው ዛሬም በስሙ ይጠራል። ቀበሮ አርብቶ በሽታ አትርፎ መቅረት ምን ዓይነት ዕድል ነው!

ዶክተሩ ስለ ግልገሎቹ ዘመድ ስለ ጥሪኝ ማውራት ሲጀምር ማቆሚያ አጣ፤ ወግ ሲነሳ እሱ ከእኔ ይብሳል። ሰበታን አቋርጦ በሚያልፈው የጅማ መንገድ ጥንት ዝባድ በቀንድ ታሽጎ ይመጣ ነበር። የሊሙና የጅማ ገበሬ ወንድ ጥሪኝ በጠባብ የእንጨት ጎጆ ዘግቶ ያኖራል፣ በየዘጠኝ ቀኑ ገደማ ከጅራቱ ሥር ዝባዱን በማንኪያ ይጠርጋል፤ ዝባዱ ፈረንሳይ ሄዶ ሽቶ ይሆናል። ምግቡ በግራም አይደለም፤ ሥጋ አለ፣ ግን የበቆሎ ገንፎም፣ ወተትም፣ እንቁላልም፣ ቅቤም አለ። ጥሪኝ ፍሬም ነፍሳትም የሚበላ ስለሆነ ይችለዋል። «ጥሪኙ በገንፎ ይኖራል፣ ያንተዎቹ ግን ገንፎ ቢያዩ ይስቁብሃል» አለኝ። ቀጥሎ፣ ይበልጥ ቆምጠጥ ብሎ፣ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ቤት ማቆየት በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ መሆኑን አስታወሰኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰዴንም ጠየቀ፤ ነክሰውኝ ነበርና እዚያው ሰበታ ጤና ጣቢያ ልኮ አስጀመረኝ። ለዱር እንስሳት ማገገሚያ ስልክ ተደወለ። የትልቁ እግር ሲጠናለት መጥተው ወሰዷቸው። በአምቦ መንገድ ሆለታ አካባቢ እንስሳ ኮቴ የሚባል የዱር እንስሳት ማገገሚያ አለ፤ ከኮንትሮባንድ የተያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎችና ከየግቢው የተሰበሰቡ አንበሶች ያሉበት። ከእነዚያ ጎን የእኔዎቹ መቶ ስልሳ ግራም የምርቃት ያህል ነው።

ፋሲካ ቡራዩ፣ ወንድሜ ዘንድ ዋልን። ግቢው ቅርጫ አርዷል። እትዬ መደብ መደቡን ካከፋፈሉ በኋላ ሳንባውን ለውሻቸው ሊወረውሩ ሲያነሱ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አየሁበትና ጮህኩ። ያ ከረጢት የትል ልጆች የተሸከመ ነው፤ ውሻው ከበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከኩሱ ጋር ወጥቶ በእጅ፣ በሰላጣ፣ በውሃ ወደ ሰው ይመለሳል፣ ጉበት ላይ ይቋጥራል። እትዬ ሳንባውን ጉድጓድ አስቆፍረው አስቀበሩት። ለሸለምጥማጥ ልጆች ሐኪም ሆኛለሁ የሚል ወሬ ደርሷቸዋልና በአክብሮት ወንበር አስቀረቡልኝ።

«እንግዲያው ንገረኛ፤ ለዚህ ውሻ በቀን ስንት ልስጠው?»

ውሻው ሠላሳ ኪሎ ይሆናል። ያደገ ውሻ ጥሬ የሚበላ ከሆነ ከክብደቱ ከመቶ ከሁለት እስከ ሦስት እጅ ነው አልኳቸው፤ ከስድስት መቶ እስከ ዘጠኝ መቶ ግራም። ውሻ ከፌሬትም ከሸለምጥማጥም እንደሚለይ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከተኩላ ሲለይ እህል የማድቀቅ ችሎታው እንደጨመረ ማሳየቱን፣ ስለዚህ እንጀራም እንደሚስማማው ላስረዳ እየተዘጋጀሁ ነበር። እትዬ ግን ዘጠኝ መቶው ላይ ቆመዋል።

«በቀን?»

«በቀን።»

ወደ ውሻው ዞሩ። ውሻው ጅራቱን ቆላ።

«አንተ፣» አሉት፣ «እኔ ከቅርጫው የደረሰኝ ሦስት ኪሎ ነው፤ የዶሮዬ ዕዳ ደግሞ ገና አልተከፈለኝም።»

ሁለተኛውን ያሉት እኔን እያዩ ነው።